ጎማና ቸርኬ፦ የአንዲት ሚሊ ሜትር ነገር

የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ብስክሌተኛ ሆነ። በቀዳማይ ወያነ ጎዳናዎች ፈለጉን ለመከተል የምትለማመዱ ወጣቶች፣ አንድ ጥያቄ እናቅርብላችሁ፦ ጎማ ስትመርጡ የቸርኬውን ስፋት ትለካላችሁን?

ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገጠም ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ በኩርባ ላይም ይዋልላል። ጠባብ ጎማ በሰፊ ቸርኬ ላይ ሲገጠም ደግሞ ጎኖቹ ይለጠጣሉ፤ ጠርዙ ከመቀመጫው ሊያፈተልክ ይችላል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በኤምሬትስ ውድድር ቤልጂጋዊው ቶማስ ደ ሄንት ሲወድቅ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ነበር። ጎማው 28፣ የቸርኬው ውስጣዊ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ ግን ጠርዙ መንጠቆ ለሌለው እንዲህ ያለ ቸርኬ ቢያንስ 29 ይጠይቃል።

በጎማው ጎን «28-622» ተጽፎ ብናገኝ 28 ስፋቱ፣ 622 የመቀመጫው ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው። ከመግዛታችን በፊት እናንብበው፤ ቸርኬውንም እንለካ።