የዶስ አባት ማነው?

ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር ያላችሁ አንባቢያን ዋናው ዲስካችሁ «ሲ» እንደሚባል ታውቃላችሁ። ለመሆኑ «ኤ» እና «ቢ» የት ገቡ? ሁለቱ ፊደሎች ለፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያዎች የተያዙ ነበሩ። ፍሎፒው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ ወንበሩ ግን እስከ ዛሬ እንደተያዘለት ነው። ይህ ልማድ የመጣው ከዊንዶውስ አይደለም፤ ከዊንዶውስ በፊት ከነበረው ከዶስም አይደለም። ከዚያም ይርቃል። ባገራችን ሰው ሊጋባ ሲል እስከ ሰባት ቤት ትውልድ ይቆጠራል። እስቲ እኛም የዚህን ሶፍትዌር ትውልድ ወደ ኋላ እንቁጠር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት በማሽኑና በምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች መካከል ቆሞ የሚያገናኝ ሶፍትዌር ነው። አንድ ፕሮግራም «ይህን ፋይል ክፈትልኝ፣ ይህን ፊደል ስክሪኑ ላይ ጻፍልኝ» ሲል ጥያቄውን ተቀብሎ የሚፈጽመው እርሱ ነው። ጥያቄው የሚቀርብበት የታወቀ ደንብ አለ። የጽሑፋችን ጉዳይም በአብዛኛው ይኸው ደንብ ነው።

ጌሪ ኪልዶል በካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ከተማ በሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ከማስተማሩ ጎን ለኢንቴል ኩባንያ ሶፍትዌር ይጽፍ ነበር። በ1974 ለኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር ሲፒኤም የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠራ፤ ከባለቤቱ ከዶሮቲ ጋርም ዲጂታል ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ።

ኪልዶልም ቢሆን ከባዶ አልተነሳም። የፋይል ስም ተጽፎ ነጥብ፣ ከዚያም የፋይሉን ዓይነት የሚያመለክቱ ሦስት ፊደሎች የሚከተሉበት አጻጻፍ ዴክ የተባለው ኩባንያ ቶፕስ-10 በሚለው የትላልቅ ኮምፒውተሮች ሲስተም ላይ ይሠራበት የነበረ ነው። ፋይል የሚገለብጠው የሲፒኤም ትእዛዝ ስሙ እንኳ ሳይለወጥ «ፒፕ» ተብሎ ከዚያው መጣ። ዲስክን በፊደል መጥራትም ቀደም ሲል በአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች ላይ፣ ሲፒ/ሲኤምኤስ በተባለው ሲስተም የታወቀ ነበር።

የኪልዶል ትልቁ ሥራ ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ የየፋብሪካው ማሽን የተለያየ ስለነበር ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ አይሠራም ነበር። ኪልዶል ከማሽኑ ጋር በቀጥታ የሚነጋገረውን ክፍል ለብቻው ለየና ባዮስ ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ ለአዲስ ማሽን መስተካከል ያለበት ይህ ትንሽ ክፍል ብቻ ሆነ፤ የቀረው እንዳለ ይሄዳል። እንደ ዎርድስታር ያሉ ፕሮግራሞች በብዙ ዓይነት ማሽኖች ላይ ለመሸጥ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በ1978 ኢንቴል 8086 የተባለውን አዲስ ፕሮሰሰር አወጣ። ሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ በዚህ ፕሮሰሰር የሚሠራ ቦርድ ለገበያ ቢያቀርብም ለአዲሱ ፕሮሰሰር የሚሆነው ሲፒኤም ዘገየበት። የኩባንያው መሐንዲስ ቲም ፓተርሰን መጠበቁ ሰልችቶት በ1980 የራሱን ጻፈ። የመጀመሪያ ስሙ «ፈጣንና ቆሻሻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም» እንደ ማለት ነበር፤ ኋላ 86-ዶስ ተባለ። ለሲፒኤም የተጻፉ ፕሮግራሞች ወደ አዲሱ ፕሮሰሰር በቀላሉ እንዲዛወሩ በማሰብ ፓተርሰን የሲፒኤምን የጥያቄ ደንብ ከማንዋሉ ላይ ተከተለ።

በዚያው ዓመት አይቢኤም ለሚያዘጋጀው አነስተኛ ኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይፈልግ ነበር። ከዲጂታል ሪሰርች ጋር ያደረገው ንግግር ሳይሳካ ቀረ፤ ለምን እንደቀረ የነበሩት ሰዎች የሚናገሩት አይገጥምም። ማይክሮሶፍት ግን 86-ዶስን መጀመሪያ በ25,000 ዶላር ፈቃድ አገኘበት፤ በሐምሌ 1981 ደግሞ 50,000 ዶላር ጨምሮ ጠቅልሎ ገዛው። ለሌሎች ፋብሪካዎች የመሸጡን መብት ለአይቢኤም አሳልፎ አልሰጠም፤ ሀብቱም የመጣው ከዚህ ነው። የአይቢኤም ፒሲ በነሐሴ 1981 ሲወጣ ዶስ በ40 ዶላር ይሸጥ ነበር። ኪልዶል መመሳሰሉን አይቶ አቤት በማለቱ አይቢኤም ሲፒኤም-86ንም ለመሸጥ ተስማማ፤ ዋጋው ግን 240 ዶላር ሆነ። ስድስት እጥፍ የሚከፍል ብዙ ገዢ አልተገኘም።

ታዲያ ዶስ የተሰረቀ ነው? ማስረጃውን እንይ። በሲፒኤም ፕሮግራሞች አገልግሎት የሚጠይቁት በቁጥር ነው። ቁጥር 9 ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አውጣ ማለት ሲሆን የጽሑፉ ማብቂያ የዶላር ምልክት ነው። ዶስም ላይ ቁጥር 9 ያንኑ ይሠራል፤ ማብቂያውም ያው የዶላር ምልክት ነው። ፋይል መክፈቻው 15፣ መዝጊያው 16፣ ማጥፊያው 19 ነው፤ በሁለቱም። ይህ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም።

በሌላ በኩል ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚቀመጡበት መንገድ ፈጽሞ የተለየ ነው። ዶስ የያዘው ፋት የተባለውን የሠንጠረዥ ስልት ሲሆን፣ ይህም ማርክ ማክዶናልድ በ1977 ለማይክሮሶፍት ቤዚክ ከሠራው የመጣ ነው። ቦብ ዛይድማን የተባለ የሶፍትዌር መርማሪ የሁለቱን ፕሮግራሞች ጽሑፍ አስተያይቶ በ2012 ባወጣው ጽሑፍ የተገለበጠ ኮድ እንዳላገኘ ገልጿል። እንግዲህ ደንቡ የሲፒኤም፣ ሥራው የፓተርሰን ነው ማለት ነው።

ትውልዱ በዚህ አላበቃም። በ1983 የወጣው ዶስ 2.0 ፎልደር ውስጥ ፎልደር የማስቀመጡን ዘዴ ከዩኒክስ ወሰደ። ዩኒክስ ስሞቹን የሚለየው በስላሽ ነው፤ በዶስ ግን ስላሽ የትእዛዞች አማራጭ ማመልከቻ ሆኖ ተይዞ ስለነበር የተገለበጠው ባክስላሽ ገባ። ዛሬም በዊንዶውስ ከ«ሲ» ቀጥሎ የምናየው እርሱ ነው። በ1988 ደግሞ ዲጂታል ሪሰርች ከሲፒኤም ዘር የወጣውን ዲአር-ዶስን ለገበያ አቀረበ። የማይክሮሶፍትን ዶስ ፕሮግራሞች እንዲያስኬድ ተደርጎ የተሠራ ነበር። አባት ልጁን መምሰል ግድ ሆነበት። ኪልዶል በ1994፣ በ52 ዓመቱ አረፈ።

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ነች» አለች ይባላል። የዶስ ታሪክም ለረጅም ጊዜ የተነገረው እንደዚሁ ነው፤ የገዛው ኩባንያ ሲጠራ ደንቡን ያወጣው ሰው ሳይነሳ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ወሰደ ማለትና ሰረቀ ማለት አንድ አይደሉም። ኪልዶል ከዴክ ባይወስድ ሲፒኤም ባላማረ ነበር፤ ፓተርሰን ከኪልዶል ባይወስድ የቆዩት ፕሮግራሞች ወደ አዲሱ ፕሮሰሰር ለመሻገር በተቸገሩ ነበር።

ሕጉ ይህን ጥያቄ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 በጉግልና በኦራክል ክርክር ላይ ሲፈርድ ጉግል የጃቫን የጥያቄ ደንብ ወስዶ መጠቀሙ የተፈቀደ አጠቃቀም ነው ብሏል። እንዲህ ያለ ደንብ በራሱ ባለቤት ሊኖረው ይችላል ወይ የሚለውን ግን ሳይወስን አለፈው። ሕጉ እስኪወስን ድረስ እኛ ማድረግ የምንችለው ትውልዱን ስንቆጥር ማንንም አለመዝለል ነው፤ ዴክን፣ ኪልዶልን፣ ማክዶናልድን፣ ፓተርሰንን፣ የዩኒክስ ሰዎችንም።