የሳቢያኗ ቄጠማ

በዓል ሲቃረብ ድሬዳዋ ላይ ቄጠማ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ ጠዋት የተጎዘጎዘው ማታ ድርቆሽ ነው። ሳቢያን ያለችው ጎረቤታችን ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቄጠማ አትገዛም። ከልብስ ማጠቢያው ሥር፣ ዘወትር በሚረጥበው ጥግ፣ የራሷ መደብ አላት።

ቄጠማ ሣር ይመስላል እንጂ ሣር አይደለም። ግንዱን በጣትዎ ቢዳስሱት ሦስት ጠርዝ ያገኛሉ። ከጭቃው ውስጥ ወደ ጎን የሚሄድ ሥር ስላለው ቢታጨድም መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በየዓመቱ መዝራት የለም። ገበያ ላይ የሚገኘው ታጭዶ የመጣ በመሆኑ አይጸድቅም። እሷ ከዘመዶቿ አገር፣ ከምንጭ ዳር፣ ከነሥሩ አስመጣች። ሥሩን ሦስት አራት ቡቃያ እንዲይዝ አድርጋ ከፈለችው፤ ቅጠሉን ስንዝር ያህል አስቀርታ ቆረጠች።

የሳቢያን አሸዋማ አፈር ውኃ ይውጣል። ስለዚህ ግማሽ ክንድ ያህል ቆፍራ ከታች አሮጌ ፕላስቲክ አነጠፈች፤ ጎን ጎኑን በሳችው፤ ከላይ ፍግ የተቀላቀለበት አፈር ሞላችበት። ማጠቢያውን ውኃ ታፈስበታለች፤ በረኪና ያለበትን ግን በጭራሽ።

ባለቤቷ መጀመሪያ ላይ አልወደደውም። ምክንያት አለው። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ ትኩሳት ከተማዋን ሲያምስ እሱም ተኝቷል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዝናብ በሌለበት ወቅት ወባ በረታ፤ ተመራማሪዎች ከእስያ የመጣችውን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ተጠያቂ አደረጉ። ይህቺ ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ ለመጠጥ ባጠራቀምነው ውኃ ውስጥ ትራባለች። ሳቢያን የጉድጓድ ውኃ ለከተማዋ የሚወጣበት ሰፈር ሆኖ ሳለ፣ እኛም እንደሌላው ሰው በርሜልና ሮቶ ደርድረን መኖራችን ይገርመኛል።

ባልና ሚስት በአንድ ደንብ ተስማሙ፦ አፈሩ ይርጠብ፣ ውኃ ግን አይታይበት። የእግር ዱካ እንኳ ውኃ ካቋተ በአሸዋ ይደፈናል። የትንኝ እንቁላል በሙቀት አገር በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ክንፍ ስለሚያወጣ፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን ውኃ ሳታፈስ መደቡን ታጠነፍፈዋለች።

ለእኔም ሥር እንድትሰጠኝ ጠይቄያት ነበር። ግቢያችን መጥታ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «መጀመሪያ በርሜልህን ክደን» ብላኝ ሄደች።