የሽታ ዘይትና የእናቴ እጅ

የመርካዝ ክሊታችን ወገኖች፣ ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ስህተት ቢኖርበት አርሙኝ። ዛሬ የምጽፈው በቤት ሖሊም ያየሁትን ለማስረዳት ነው።

እናቴ ታማ ተኝታ ሳለች አንዲት ሴት በትንሽ ጠርሙስ ዘይት ይዛ መጣችና እጇን ልትቀባት ያዘቻት። እናቴ እጇን ሰብስባ «ልጄ፣ ይህ የማን ቅባት ነው?» አለችኝ። እኛ የማናውቀው ሰው ሲቀባን መተት ይሆን፣ የሌላ እምነት ይሆን እያልን ፈርተን ነው ያደግነው። እኔም ዕብራይስጡ አልመጣልኝ ብሎ ዝም አልኩ። ሴትዮዋ አዝና ሄደች። ቆጨኝ። በማግስቱ አስተርጓሚ ይዤ ነርሷን ጠየቅኋት። የተረዳሁት ይህ ነው።

ዘይቱ የእምነት ቅባት አይደለም። ላቬንደር ከሚባል ሐምራዊ አበባ በእንፋሎት የሚወጣ ነው፤ አረቄ እንደሚወጣው ማለት ነው። ሥራው አሮማቴራፒ ይባላል። ጋትፎሴ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በዚህ ስም በ1937 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፍ አውጥቷል።

በሽታ አያድንም። ግን ሆስፒታል የተኛ ሽማግሌ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነካው ለመርፌና ለደም ግፊት ነው። እጁን ቀስ ብሎ ማሸት ጭንቀቱን ያበርድለታል፤ አንዳንዱም ደህና እንቅልፍ ይተኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ነርስ ይጠየቃል። ቁስል፣ ትኩሳት ወይም ያበጠ እግር ካለ አይታሽም። በእግር ሥር ደም ረግቶ ከሆነ ማሸቱ ከቦታው ሊያንቀሳቅሰው ይችላል፤ ይህም አደገኛ ነው። አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ሽታው ሊያስነሳበት ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዘይቱ ብቻውን ቆዳ ሊጎዳ ይችላል። በ30 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት ውስጥ 6 ጠብታ ይበቃል። አይጠጣም።

ሦስተኛ፣ በመጀመሪያ ክንድ ላይ ጥቂት ቀብቶ 24 ሰዓት መጠበቅ ነው። ካሳከከ ወይም ከቀላ ይቅር።

አራተኛ፣ የሽማግሌ ቆዳ ስስ ነውና እንደ ወጌሻ አይጫኑትም። ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጫፍ በዝግታ፣ ለአንድ እጅ 5 ደቂቃ ያህል ነው። ከሁሉም በፊት ግን የታማሚው ፈቃድ ይጠየቃል።

ይህን ለእናቴ ብነግራት «እንግዲያስ አንቺው አሽተሽ አሳይኝ» አለች። ነርሷ እያየች አሸኋት። ሴትዮዋ ሌላ ቀን ስትመጣ እናቴ ራሷ እጇን ዘረጋችላት።

ወገኖቼ፣ በኡልፓን መጀመሪያ ከተማርናቸው ቃላት አንዱ «ማ ዜ?» ነው፤ ይህ ምንድን ነው ማለት ነው። ያን ቀን ይህችን ብቻ ብናገር ይበቃኝ ነበር። እናንተ ግን ዝም አትበሉ፣ ጠይቁ። ደህና ሁኑ።