አያትና የልጅ ልጅ አብረው ወደ ጓሳ ሲወጡ



በሀብታም አገሮች አያት፣ ወላጅና የልጅ ልጅ አንድ ላይ ሆነው በትልቅ መርከብ ተሳፍረው እንደ አላስካ ያሉ የበረዶ ተራሮችን ለማየት መሄድ የተለመደ ነው። መርከቡ ማሞቂያ፣ ምግብ ቤትና ሐኪም ይዞ ይጓዛል። የእኛ መርከብ ግን የተከራየነው ሚኒባስ ነው፤ ሐኪም የለውም፤ ክሊኒኩም ከቤት ይዘነው የወጣነው ቦርሳ ነው። ስለዚህ ቤተሰብዎን በሙሉ ይዘው ወደ ብርዳማው የመንዝ ደጋ ለመውጣት ካሰቡ፣ ዝግጅቱ የሚጀምረው በመኪና ኪራይ ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከመካከላችን ደካማው ማን ነው?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎችን የሚያሰግድ ሰው ከኋላው ደካማ፣ ሕመምተኛና አዛውንት እንዳለ አስቦ ሶላቱን እንዲያቀል አዘዋል። ለቤተሰብ ጉዞም ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ወጣቶቹ ፕሮግራሙን በራሳቸው ጉልበት ያወጡና «እማማ አትችለውም» ብለው አያትን ቤት ያስቀራሉ። ፕሮግራሙ በእማማ አቅም ቢወጣ ኖሮ ብዙዎቹ እማማዎች መሄድ በቻሉ ነበር።

ወዴት ነው የምንሄደው?

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኝ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳን ከሚሆነው የጓሳ ሣር ነው። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ በጊዜው እየከፈተ ጠብቆታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ሥፍራው አሁንም በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲግጥ፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን፣ ጅብራው በሜዳው ላይ ቆሞ ይታያል። ለልጅም ለአዛውንትም ዐይን የሚሞላ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የመንገዱ ነገር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የሰሜን ሸዋ መንገዶች የሚዘጉባቸው ቀናት ነበሩ። በአካባቢው ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለዎት በዋዜማው ብቻ ሳይሆን በጠዋቱም ደውለው ይጠይቁ። የሚያጠራጥር ወሬ ካለ ጉዞውን ያዘግዩት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ መንገዱ ሰላም ለሆነበት ቀን ነው።

ወቅቱንም ያስቡ። ክረምት ጭቃና ጭጋግ ነው። በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ቀኑ ብሩህ ቢሆንም ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ዒድን ጠብቀው የሚወጡ ቤተሰቦች ዒዱ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እንደሚመጣ አይርሱ፤ የአንድ ዓመት ልብስ ለሌላው ዓመት ላይበቃ ይችላል።

ሳንባችን ምን ይገጥመዋል?

በጓሳ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከምናገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰውነታችን ይህን ለመላመድ ቀናት ይፈልጋል። ጊዜውን ካልሰጠነው ከ2,500 ሜትር በላይ ስንወጣ የከፍታ ሕመም ሊይዘን ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት ምልክቶቹ ናቸው። መናገር የማይችል ሕፃን ደግሞ ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስመልሰዋል።

እዚህ ላይ የተነሡበት ቦታ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ቀድሞውኑ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚኖር በከፊል ለምዷል። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ ወይም ከከሚሴ የምትነሣ እናት ግን ሌላ ነገር ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማ በርን ወጥቶ ጓሳ ሲደረስ በግማሽ ቀን ውስጥ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ተወጥቷል ማለት ነው። ከጅዳ ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጡ ልጆችማ ከባሕር ዳርቻ ነው የተነሡት። እንግዲህ ከቆላ የሚመጣ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ሲና ወይም ደብረ ብርሃን ይደር፤ ከውጭ የመጣው ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ይቆይ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ጥሩ መለማመጃ ናት። በደረሱበት ቀን ኮረብታ መውጣት የለም። ሻይ ጠጥቶ፣ ጭላዳ አይቶ፣ በጊዜ መተኛት ነው።

ልቡ ለደከመ፣ የከረመ የሳንባ ሕመም ላለበት፣ ከባድ የደም ማነስ ላለባት ወይም ነፍሰ ጡር ለሆነች ሰው ግን ሐኪም ሳያማክሩ ጓሳ ማደር አይገባም። ሐኪሙ ከፈቀደ ጥሩው መንገድ ደብረ ብርሃን አድሮ ጓሳን በቀን አይቶ መመለስ ነው። ዋናው ችግር የሚመጣው ከፍ ብሎ ሲታደር ነውና። በዚህ መንገድ ማንም ከቤተሰቡ ተነጥሎ አይቀርም።

«ለከፍታው የሚሆን ክኒን የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። አለ፤ አሴታዞላማይድ ይባላል። ለመከላከል አብዛኛውን ጊዜ 125 ሚ.ግ. በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል። ነገር ግን ኩላሊት ወይም ጉበት ለታመመ፣ የሰልፋ መድኃኒት ለማይስማማው ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ አይጠይቁ፤ እኛም አንሰጥም። ተቀምጦ እያለ የሚያለከልክ፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የተምታታበት ሰው ካለ ግን ጊዜው የክኒን አይደለም። ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታና ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ስለዚህ ሾፌሩ ከእናንተው ጋር ማደር አለበት፤ ኪራዩን ሲዋዋሉ ይህን አስቀድመው ይነጋገሩ።

የመድኃኒት ቦርሳው

ኢንሱሊን ከሙቀት መጠበቅ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ ከውርጭ መጠበቅ እንዳለበት ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያውቁት። አንዴ የቀዘቀዘና በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም፣ መልኩ ደህና ቢመስልም አያገለግልም፤ ይጣላል። ሌሊት በመኪና ውስጥ አይተዉት፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ይደር። የስኳር መለኪያ መሣሪያውም በብርድ የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥ ስለሚችል ከመለካትዎ በፊት ልብስ ውስጥ ያሙቁት። የስኳር ሕመምተኛ ከወትሮው በላይ ሲራመድ ስኳሩ ሊወርድ ይችላልና ተምር ከኪሱ አይለይ።

በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ ሰዉ «ፓፍ» የሚለው፣ በብርድ ግፊቱ ይቀንሳል። ከመጠቀም በፊት በእጅ ይዞ ማሞቅ ይረዳል።

ብርድ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ታዲያ አዛውንቶቻችን መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግራቸው ብለው የሚያሸናውን ክኒን በገዛ ፈቃዳቸው ያቋርጣሉ። ይህ ከክኒኑ ይልቅ የሹፌሩ ጉዳይ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ቁሞ ያሳርፋቸው፤ እግርም ይፍታቱ። የሚወሰድበትን ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ እንጂ አያቋርጡ።

ሌላው ከውጭ የሚላክልን የሕመም ማስታገሻ ነው። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ እንደ ኢናላፕሪል ካሉ የግፊት ክኒኖችና ከሚያሸናው ጋር ሲደራረቡ፣ በተለይ ውኃ ያልጠጣ አዛውንት ላይ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ለእማማ ራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃል። የእንቅልፍ ክኒንም ከፍታ ላይ ትንፋሽን ስለሚያዳክም አይመከርም። ለመኪና ማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ አዛውንትንም ያደነዝዛል።

ከሰሉን ከክፍሉ ያውጡት

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። ብርዱ ሲጠና አንድ ሰው ለልጆቹ አዝኖ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ወይም ወደ ድንኳን ያስገባል። ከሰል ጭሱ ቢጠፋም፣ ቀይ ፍም ቢሆንም፣ ሽታና መልክ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ኦክስጅን ቀድሞውኑ ባነሰበት ከፍታ ላይ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስንተኛ በቤታችን እሳት እንዳንተው መከልከላቸውን ልጆችዎ ያውቁት ይሆናል፤ በጓሳ ሌሊት ያስታውሱት።

የሚያሳስተው ነገር ምልክቱ ከከፍታ ሕመም ጋር መመሳሰሉ ነው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር። በአንድ ክፍል ያደሩ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸውና ክፍሉ ውስጥ ከሰል ከነበረ «ከፍታው ነው» ብለው አይለፉት። ሁሉንም ወደ ውጭ አየር አውጥተው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ።

ሙቀቱ ከልብስ ይምጣ። የመንዝ በግ ሱፍ ባናና በርኖስ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ገበያ ላይ ካገኙ ይግዙ። ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይሻላል። ኮፍያ፣ ደረቅ ካልሲና ጓንት ለሕፃናት ግድ ነው። ሙቅ ውኃ በኮዳ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ብርድ ልብስ ውስጥ መክተት ጥሩ ዘዴ ነው፤ እግሩ የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ ግን ሳያውቀው ሊቃጠል ስለሚችል ከእግሩ ያርቁት። ፀሐዩም አያታልል፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የልጆቹን ከንፈር ቫዝሊን ይቀቡ።

ውዱእና ሶላት

ጓሳ ከመካ ጋር በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ቂብላው ቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። ንፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ አዛውንቶች ቤት ውስጥ ይስገዱ። ውዱእ አድርገው ኹፍ የለበሱ መንገደኛ ለሦስት ቀንና ሌሊት እግራቸውን ሳያጥቡ ከላዩ ማበስ ይችላሉ። በካልሲ ላይ ስለ ማበስ ዑለሞች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ከመነሣትዎ በፊት የመስጂድዎን ኢማም ይጠይቁ፤ ሶላት ስለ ማሳጠርና ስለ ማጣመርም እንዲሁ። ለፈጅር ውኃ በቴርሞስ አፍልተው ያሳድሩ። ውኃው የሚጎዳው ሰው ካለ ደግሞ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ በብርድ ሌሊት ለሕይወታቸው ሰግተው በተየሙም መስገዳቸውንና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያንን ሲሰሙ ፈገግ ማለታቸውን ለእማማ ይንገሯቸው። አንዳንድ እናቶች ራሳቸውን ሳይጎዱ ዒባዳ የሞላ አይመስላቸውም።

ምን እንብላ?

ከፍታ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ተምርና ቋንጣ ከቤት ይያዙ። ውኃ በከፍታው ላይ 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ሽንብራና ባቄላ ቶሎ አይበስልም፤ ጥራጥሬውን ቤት ቀቅለው ይሂዱ። የሚጠጣውን ውኃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት።

ሥጋ ለሚያምራችሁ፣ ከመሐል ሜዳ ገበያ በግ ገዝቶ ራስ ማረድ ነው። የማረዱን ነገር ለሐጂ አባባ ቢተዉላቸው ደስ ይላቸዋል። አንጀትና አጥንቱን ሜዳ ላይ አይጣሉ። ውሻ ይስባል፤ ውሻ ደግሞ ለቀይ ቀበሮው የእብደት በሽታ ያመጣበታል። ልጅን ውሻ ከነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥበው ክትባት ወዳለበት ይውሰዱ። ማረድ ለማይችሉ፣ የአካባቢው ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በሚጾሙበት ረቡዕና ዓርብ ምግብ ቤቱ ሁሉ ሽሮና ምስር ስለሚያቀርብ ሐሳብ የለም። አረቄ ሰውነት ያሞቃል የሚባለው ደግሞ ውሸት ነው፤ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ሙቀት ያስወጣል። በእንግድነት ቢቀርብልዎ ሻይ እንዲሰጥዎ በትሕትና ይጠይቁ።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት። በዐማርኛ፣ በጉልህ ጽሑፍ፣ የእያንዳንዱን ሰው ሕመም፣ የሚወስደውን መድኃኒትና መጠኑን፣ የማይስማማውን መድኃኒት ይጻፉ። ከሥሩ በአቅራቢያ ያሉት ሆስፒታሎች መሐል ሜዳና ደብረ ብርሃን መሆናቸውን ያስፍሩ። መድኃኒቱንም ለሁለት ቦርሳ ይክፈሉት፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይኖራል። የወረቀቱ አንድ ቅጂ ከእማማ ከረጢት፣ ሌላው ከሾፌሩ አጠገብ ይሁን።