ድባቴ በሰውነት ሲናገር

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ድባቴ የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲመጣ ብዙ ጊዜ «ከፋኝ» አይልም። «ራሴን ይወጥረኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው በእነዚህ አካባቢዎች በሰፈሩ ወገኖቻችን ላይ ደግሞ ሐዘንና የኑሮ ጭንቀት ይደራረባል።

በአሜሪካ ቦስተን በተደረገ አንድ ጥናት ድባቴ ያለባቸው ቻይናውያን ስደተኞች ለ8 ሳምንት በቡድን ሰውነትንና አእምሮን የማሳረፍ ልምምድ ሠርተው አንዳንዶቹ ተሽሏቸዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። ሆኖም ሕመሙን በሰውነቱ ለሚናገር ሰው ሕክምናውን ከሰውነት መጀመር ተገቢ ይመስለኛል።

ቀላሉ ልምምድ የትንፋሽ ነው። እጅዎን ሆድዎ ላይ አድርገው በአፍንጫዎ ቀስ ብለው አየር ያስገቡ፤ ሆድዎ እጅዎን ማንሣት አለበት። ትከሻዎ ከተነሣ አየሩ ደረት ላይ ቀርቷል። ሲያስወጡ ካስገቡበት ያርዝሙት፤ የልብ ምት የሚረጋው ያኔ ነው። በቡድን ሲሆን ደግሞ ብቻዬን ነኝ የሚለው ስሜት ይቀላል፤ እኔ ከትንፋሹ እኩል የምቆጥረው ይህንን ነው።

የታዘዘልዎትን መድኃኒት ግን አያቋርጡ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቡድን አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።