አሻራና አመኔታ በአውሮፓ ገበያ

ለንግድ ወደ ፍራንክፈርት ወይም ወደ ሚላኖ የሚጓዝ ነጋዴ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ተመትቶለት የሚያልፍበት አሠራር ተለውጧል። 29 የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ አዲስ የመግቢያና መውጫ መመዝገቢያ ሥርዓት በሥራ ላይ ማዋል ጀምረዋል። በስድስት ወራት ውስጥ በሁሉም የድንበር ኬላዎች እንዲዳረስ የተወሰነው ይህ ሥርዓት፣ ከውጭ ለአጭር ጊዜ የሚገባውን መንገደኛ የሚለየው በፊቱና በጣት አሻራው ነው።

ሰውን በያዘው ወረቀት ሳይሆን በራሱ አካል የሚለየው ይህ ቴክኖሎጂ ባዮሜትሪክ ይባላል። በሐሰተኛ ሰነድ የሚፈጸም ማጭበርበርን ይቀንሳል። ስጋቱም ቀላል አይደለም። የባንክ ካርድ የምስጢር ቁጥር ቢሰረቅ በሌላ ይለወጣል፤ የጣት አሻራ ግን አይለወጥም። አሻራውን የሚሰጥ ሰው ትልቅ አደራ እየሰጠ በመሆኑ፣ ተቀባዩ ካልታመነ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢረቅ ገበያ አያገኝም።

አውሮፓውያኑ ይህን አመኔታ ለማግኘት በቅድሚያ የመረጡት ትብብርን ነው። በሮም የገባ መንገደኛ በፓሪስ ሊወጣ ስለሚችል፣ እያንዳንዱ አገር ለየብቻው መዝገብ ቢይዝ ፋይዳ የለውም። በመሆኑም የጋራ መዝገቦቹን የሚያስተዳድረው ኢዩ-ሊዛ የተባለው የኅብረቱ ድርጅት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በታሊን ሲገኝ፣ የቴክኒክ ማዕከሉ በስትራስቡርግ ነው። ለሼንገን ቪዛ አሥር ጣቱን ያስነሳ አመልካች፣ በ59 ወራት ውስጥ ለሌላ አባል አገር ሲያመለክት በአብዛኛው እንደገና አሻራ መስጠት የማይጠበቅበትም በዚሁ የጋራ መዝገብ ምክንያት ነው።

ትብብር ብቻውን ግን አይበቃም። ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ ተያዥ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ አሻራውን የሚሰጥ ሰውም ዋስ ይፈልጋል። በአውሮፓ ዋሱ ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ ሰውን ለመለየት የሚውል የባዮሜትሪክ መረጃ በግልጽ ፈቃድ ወይም በሕግ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ካልሆነ በስተቀር ጥቅም ላይ እንዳይውል ይከለክላል። ከፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ ከኢንተርኔትና ከጥበቃ ካሜራዎች የሰዎችን ፊት በጅምላ እየሰበሰቡ የፊት መለያ ክምችት ማደራጀት ክልክል ሆኗል።

ሕጉ በወረቀት ላይ የቀረ አይደለም። የሰዎችን ፎቶግራፍ ከኢንተርኔት ሲሰበስብ የነበረውን ክሊርቪው የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ኢጣሊያ፣ ግሪክና ፈረንሳይ በ2022 እያንዳንዳቸው 20 ሚሊዮን ዩሮ፣ ኔዘርላንድስ ደግሞ በ2024 30.5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥተውታል። ከፍተኛው ቅጣት 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከኩባንያው ዓመታዊ የዓለም አቀፍ ሽያጭ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። በመስኩ ገንዘቡን ለማዋል ያሰበ ባለሀብት ይህን ከወጪ ሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

ጥያቄው ግን አላበቃም። ለድንበር ቁጥጥር የተሰበሰበውን መረጃ ፖሊስ ለሽብርና ለከባድ ወንጀሎች ምርመራ መጠቀም እንዲችል ሕጉ ፈቅዷል። ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ አደራ ለሌላ ጉዳይ መዋሉ የመብት ተሟጋቾችን ያከራክራል።

ቪዛ ያለው የአገራችን ነጋዴ አሻራው ቀድሞ በቪዛ መዝገብ ስላለ፣ አዲሱ ሥርዓት የሚመዘግበው የፊቱን ምስል ነው። ከማንኛውም 180 ቀናት ውስጥ የተፈቀደለትን እስከ 90 ቀን የሚደርስ ቆይታም የሚቆጥረው ኮምፒዩተር ነው። መዝገቡ ሦስት ዓመት ይቆያል፤ መውጣቱ ካልተመዘገበ አምስት ዓመት ይደርሳል። መንገደኛው መረጃውን የማየትና ስሕተት ካለ የማሳረም መብት አለው። ስለዚህ የመመለሻ ቲኬቱንና የመሳፈሪያ ወረቀቱን ሳይጥል ቢያስቀምጥ፣ ኮምፒዩተሩ ቢሳሳት ማስረጃ ይሆነዋል።