ስለ ምርት ስሌትና የስሌቱን መግለጫ አሟልቶ ስለ መጻፍ

በሐዲያና በከምባታ አገር ስንዴ፥ ጤፍ፥ ገብስና ባቄላ ይዘራል፤ እንሰትም የሕዝቡ ዋና ምግብ ነው። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ የእህሉ ምርት የሚገመተው እርሻው ሁሉ ተሰፍሮ ሳይሆን፥ በዕጣ ከተመረጡ ጥቂት ማሳዎች ታጭዶና ተመዝኖ ነው። የቀረውን ስሌት ኮምፒዩተር ይሠራዋል።

ለዚህ ሥራ ሊያገለግሉ ከሚችሉት ሶፍትዌሮች አንዱ ሳይፓይ ይባላል። ይህ ያለ ዋጋ የሚገኝ የሳይንስ ስሌት ትእዛዞች ስብስብ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ወጣ፤ የስታቲስቲክስ ክፍልም አለው። ለየትእዛዙ አሠራሩን የሚያስረዳ መግለጫ ተጽፎለታል። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ መግለጫው ካልተሟላ ወይም ካልተነበበ፥ ቍጥሩ ሹሙን ያሳስተዋል።

ለምሳሌ 5 ማሳዎች በሄክታር 20፥ 24፥ 28፥ 32 እና 36 ኩንታል ሰጡ እንበል። አማካዩ 28 ነው። ከአማካዩ ያላቸው ልዩነት እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ሲደመር 160 ይሆናል። ይህ በ5 ቢካፈል 32፥ በ4 ቢካፈል 40 ይወጣል። ማሳዎቹ ሁሉ ተመዝነው እንደ ሆነ በ5 ማካፈል ይገባል፤ ለብዙዎች ምስክር የሆኑ ጥቂቶች ከሆኑ ግን፥ አማካዩ ከእነዚሁ ከጥቂቶቹ ስለ ተወሰደ ልዩነቱ አንሶ ይታያልና በ4 ይካፈላል። በሳይፓይ ውስጥ የአማካዩን አስተማማኝነት የሚለካው ትእዛዝ፥ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፥ አንድ ቀንሶ ያካፍላል፤ የአንዱን ማሳ ከአማካዩ መራቅ የሚለካው ግን በሙሉው ቍጥር ያካፍላል። ስለዚህ ሁለት ወረዳዎች አንድ ዓይነት ምርት ሰጥተው ሳለ የተለያዩ ሊመስሉ ይችላሉ።

የስድስተኛው ማሳ ወረቀት ሳይደርስ ቀርቶ ጸሓፊው በባዶው ስፍራ 0 ቢጽፍ፥ አማካዩ ከ28 ወደ 23 ኩንታል ግድም ይወርዳል። ያልታወቀ ማለት ምንም ያልተገኘ ማለት አይደለም። በዚህ ቍጥር የዘር ብድርና የርዳታ እህል ቢታደል፥ የጠገበው ወረዳ ተቀብሎ የተራበው ይቀራል።

ስለዚህ መልካም መግለጫ እነዚህን ይይዛል፦
1ኛ፥ ትእዛዙ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚሰጥ፤
2ኛ፥ በስንት እንደሚያካፍልና ምክንያቱን፤
3ኛ፥ የጐደለውን ቍጥር ትቶ እንደሚያሰላ፥ ውጤቱን ባዶ እንደሚያደርግ ወይም ሥራውን እንደሚያቆም፤
4ኛ፥ በእጅ ተሠልቶ ሊመረመር የሚችል አጭር ምሳሌ።

ሳይፓይ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ፥ መግለጫው ያልተብራራለት ሰው እርማት ጽፎ ለአዘጋጆቹ ማቅረብ ይችላል። በሆሳዕና ያለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ምሁራንም በአማርኛ፥ በሀዲይሳና በከምባቲሳ ምሳሌ ቢያዘጋጁ ለወረዳ ጸሓፊዎች እጅግ ይጠቅማል። ሹማምንትም የምርት ሰንጠረዥ ሲቀርብላቸው፥ ስንት ማሳ እንደ ተመዘነ፥ ስንቱ እንደ ጐደለና በስንት እንደ ተካፈለ ከግርጌው ተጽፎ እንዲመጣ ማዘዝ ይገባቸዋል።